ጠገራ ብርን ከጠርዙ ማንበብ

ይህ ጽሑፍ የጥንት ገንዘብ ለሚሰበስቡ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በዕለቱ ብሮቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ስለነበር ብዙውን ነገር በጣቴ እያመለከትኩ ነበር ያስረዳሁት፤ አንባቢ ግን ብሮቹን በእጁ ስለማይዝ ያመለከትኩትን በቃል ለመግለጽ ሞክሬያለሁ።

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ብሮች ተደርድረዋል። አራቱ እኛ ጠገራ ወይም ማርትሬዛ የምንላቸው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባቸው ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ ያለ ጥርጥር ፎርጅድ ናቸው። አንዱን ደግሞ ለዓመታት ሳገላብጠው ኖሬ እስከ ዛሬ ሙሉ ፍርድ አልሰጠሁበትም። የምነግራችሁ እያንዳንዱን በምን መንገድ እንደመረመርኩት ነው፤ በተለይም ሚዛንን ብቻ አምኜ እንዴት እንደተታለልኩ አልደብቃችሁም።

ከማርትሬዛ ልጀምር፤ ምክንያቱም በማርትሬዛ ላይ “ፎርጅድ ነው ወይ?” የሚለው ጥያቄ ራሱ ቀጥተኛ መልስ የለውም። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የታተሙት ብሮች ሁሉ፣ ትናንት ከማተሚያ የወጣውም ጭምር፣ “1780” የሚለውን ዓመት ይዘዋል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ እኛና ወደ ዓረቦቹ አገር ይመጣ የነበረውን ይህን ብር ሰው የሚያምነው መልኩ ስላልተለወጠ ነበርና፣ አታሚዎቹ ዓመቱን መለወጥ ንግዱን እንደሚያበላሽባቸው ያውቁ ነበር። ብሩ በገዛ አገሩ በኦስትሪያ ሕጋዊ መገበያያ መሆኑ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሆን፣ በእኛ ገበያ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ አሠርት ዓመታት ነግሦ ኖሯል። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ወደ መቅደላ ሲዘምት እንኳ ለበቅሎውም ለእህሉም የሚከፍለው በማርትሬዛ ስለነበር ከቪየና ማተሚያ ቤት ማስመታት ግድ ሆኖበት ነበር።

የማተሚያ ቤቶቹ ብዛት ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላኖና በቬኒስ ታትሟል። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ማስመታት ጀመረ፤ እንግሊዞችም በተራቸው በለንደን፣ በኋላም በጦርነቱ ጊዜ በቦምቤይ አስመቱ፤ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ በመንግሥት ማተሚያ ቤት፣ በትክክለኛ ክብደትና በትክክለኛ የብር ጥራት የተመቱ ናቸው። ስለዚህ ሮም የታተመ ማርትሬዛ ፎርጅድ አይደለም፤ ነገር ግን “ከ1780 ጀምሮ የመጣ ነው” ተብሎ በዚያ ዋጋ ከተሸጠላችሁ ተታላችኋል ማለት ነው። ብሩ እውነተኛ ሆኖ የተነገረለት ታሪክ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ልብ በሉ፤ ወደዚህ ነገር ንግግሬን ስጨርስ እመለስበታለሁ።

ይህ የመጀመሪያው ብር የአያቴ ነው። በአንገቷ ላይ በጥቁር ማተብ ታስረው ከነበሩት ከሦስቱ አንዱ ሲሆን፣ ቤተ ዘመድ ሁሉ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ እንዳለው ያምን ነበር። በማጉያ መነጽር ሳየው ግን በንስሩ የጭራ ላባዎች አቀራረጽና በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ላይ ያሉት ነጥቦች፣ ከሃያኛው መቶ ዘመን አታሚዎች የአንዱ ሥራ መሆኑን አሳዩኝ። ለአክስቴ ስነግራት ለሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ብሩ ግን ብር ነው፤ ከመዝገቤም አላወጣሁትም።

አሁን ብሩን ያዙትና በደንብ እዩት። በፊት ለፊቱ ንግሥቲቱ ባሏ ከሞተባት በኋላ ትለብሰው የነበረውን የሐዘን ሻሽ ተከናንባ ወደ ቀኝ ትመለከታለች፤ በሻሹ ላይ ዘውድ መሰል ጌጥ አለ፤ በትከሻዋ ላይ ደግሞ ልብሱን የሚይዝ ክብ መርፌ ቁልፍ አለ። ከምስሏ ሥር “ኤስ” እና “ኤፍ” የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። እነዚህ ፊደላት የሾብል እና የፋቢ፣ ማለትም በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ይሠሩ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር ክንፉን ዘርግቷል፤ በደረቱ ላይ ያለው ጋሻ በአራት ተከፍሎ የሃንጋሪን፣ የቦሄሚያን፣ የቡርጎኝንና የቡርጋውን ምልክት ይዟል፤ በመካከሉ የኦስትሪያ ትንሽ ጋሻ አለ። ከዓመተ ምሕረቱ ቀጥሎ የመስቀለኛ ኤክስ ምልክት ይገኛል።

አባቶቻችን ላቲን አያነቡም ነበር። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ ተጓዦች በመገረም እንደጻፉት፣ ገበሬውም ነጋዴውም አንድን ብር ከመቀበሉ በፊት የዘውዱንና የትከሻውን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥር፣ የ“ኤስ” እና የ“ኤፍ” ፊደላት ጎልተው መታየታቸውን ያረጋግጥ ነበር፤ ፊቱ የተፋቀውን ወይም ነጥቡ የጠፋውን ብር መልሶ ይወረውረዋል። ፈረንጆቹ ይህን እንደ አጉል እምነት ቆጥረውት ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጥልቅ የሆነ የምርመራ ዘዴ ባለሙያ ነኝ ከሚል ሰው ዘንድ እንኳ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ፎርጅድ በመጀመሪያ የሚያጣው ልክ እነዚህን ትንንሽ ነጥቦች ነውና፣ ዕንቁ የሚቆጥረው ገበሬ የሚመለከተው ትክክለኛውን ቦታ ነበር።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። ማርትሬዛ ከማተሚያ ሲወጣ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ማለትም ከሺህ 833 እጁ ብር ነው። ስፋቱ 39.5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ብር አንጥረኞቻችን አንድ ወቄት የሚሉት ክብደት የዚህ ብር ክብደት መሆኑን ታስታውሳላችሁ፤ ብሩ ገንዘብም ነበር፣ የሚዛን ድንጋይም ነበር። የምኒልክ ብርም፣ ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስለቅቅ ተብሎ በፓሪስ ስለተመታ፣ ሆን ተብሎ ያንኑ ክብደት ይዞ 835 ጥራት ባለው ብር ተሠራ። ሕዝቡ ለብዙ ጊዜ ማርትሬዛውን መምረጡን አላቆመም፤ ያም ሌላ ታሪክ ነው።

የተታለልኩት በምኒልክ ብር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ነጋዴ 1887 ዓ.ም. የሚል የምኒልክ ብር አሳየኝ። የ1887ቱ ብር ከ1889ኙ እጅግ ባነሰ ቁጥር ስለታተመ ሰብሳቢ የሚመኘው ነው፤ እሳት የላሰ ፎርጅድ ሠሪም ይህን ያውቃል። የኪስ ሚዛኔን አውጥቼ መዘንኩት፤ 27.90 ግራም አለ። በገበያ ለተዘዋወረ ብር ይህ ጥቂት የግራም አሥረኛ መጉደል ተገቢ ነው ብዬ፣ ልቤ በደስታ እየመታ ከፍዬ ወጣሁ። ነጋዴውን ከስሼው አላውቅም፤ ያሳየኝን አይቼ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ምናልባትም እሱ ራሱ ከሌላ ተታሎ ገዝቶት ይሆናል።

ቤቴ ደርሼ ከመብራት ሥር ስይዘው መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ጠርዙ ነው። ይህን ነገር ደግሜ እላለሁ፦ ፎርጅድ ሠሪ በሁለቱ ገጾች ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይደክማል፤ ጠርዙን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቸል ይላል፤ ገዢም በተራው ጠርዙን አያይም። ይህ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጠርዝ የተፈጠረው ብርን ከሌባ ለመጠበቅ ነው። በድሮ ዘመን አንዳንድ ሰዎች የብርን ዳር በሞረድና በመቀስ እየሸረፉ ብናኙን ያከማቹ ነበርና፣ ለዚህ መድኃኒቱ በጠርዙ ላይ ጽሑፍና ጌጥ መቅረጽ ሆነ። የማርትሬዛ ጠርዝ “ዩስቲጺያ ኤት ክሌሜንጺያ” ይላል፤ ትርጉሙ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። በቃላቱ መካከል የሐረግ ጌጦች አሉ። በእውነተኛው ብር ላይ እነዚህ ፊደላት ስለት ያላቸው፣ በጥፍራችሁ ስትዳስሷቸው የሚሰሙ ናቸው። በእኔ የምኒልክ ብር ላይ ግን ጠርዙ ሻማ የቀለጠበት ይመስል ነበር፤ በተጨማሪም፣ ሁለት ግማሽ ቅርጾች የተጋጠሙበትን ቦታ የሚያሳይ፣ በሞረድ የተላገ ቀጭን መስመር ዙሪያውን ይዞራል። ብር በማተሚያ ሲመታ እንዲህ ያለ መስመር ሊወጣ አይችልም፤ እንዲህ የሚሆነው ፈሳሽ ብረት በሁለት ግማሽ ቅርጽ ውስጥ ሲገባ ነው።

ቀጥሎ ፊደላቱን አነበብኩ። እዚህ ላይ እኛ ግዕዝ አንባቢዎች በዓለም ላይ ካሉ ሰብሳቢዎች ሁሉ የበለጠ ዕድል አለን፤ እኔም ይህን ዕድል ሳልጠቀምበት ስለቀረሁ ነው የምበሳጨው። የምኒልክ ብር በፊት ለፊቱ “ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ” ይላል፤ ከአንበሳው ጋር ደግሞ “ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ” የሚል አለ። የፎርጅዱን ቅርጽ የሠራው ሰው ፊደሉን አያውቅም፤ ለእሱ እንደ ሐረግ ጌጥ ነው። ስለዚህ “ኒ” በእግሯ በኩል ያላት ትንሽ ቅጥያ ጠፍታ ስሙ “ምነልክ” ይነበባል፤ “ሠ” የነበረው እግሮቹ ተጣብቀው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ አኃዝ ፲፰፻፹፯ ተብሎ ሲጻፍ፣ በእያንዳንዱ አኃዝ ላይና ሥር ያሉት አግድም መስመሮች በእውነተኛው ብር ላይ ተለያይተው ይታያሉ፤ በእኔው ላይ ግን አንድ ረዥም ጭረት ሆነዋል፤ “፹” ደግሞ ወደ “፺” ያዘነብላል። ፓሪስ ወይም ኒውዮርክ ያለ ገዢ ይህን ልብ ሳይል ሊያልፈው ይችላል፤ እኛ ግን በልጅነታችን ሀ ሁ ሂ ብለን ያነበብነውን ፊደል ሌላ ሰው ሲያጣምመው ዓይናችን ይቆጠቁጠናል። ስለዚህ የምኒልክ ብር ስትገዙ እንደ ጌጥ አትዩት፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ፣ ፊደል በፊደል አንብቡት። አንበሳውንም እዩት፤ በ1887 እና በ1889 ብሮች ላይ የሚያነሳው የፊት እግር ግራው ሲሆን፣ በ1892ቱ ግን ቀኙ ነው። የአንዱን ዓመት ገጽ ከሌላው ጋር ያጋጨ ፎርጅድ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላም ልቤ አልቆርጥ ብሎኝ ነበርና ወደ ውኃው ፈተና ሄድኩ። ይህን ፈተና በቤታችሁ ልታደርጉት ስለምትችሉ በዝርዝር እነግራችኋለሁ። የሚያስፈልጋችሁ የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ቀጭን ክር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ብሩን በደረቁ መዝኑትና ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ ብርጭቆውን ከነውኃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ ብሩን በክር አስራችሁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ ድረስ ወደ ውኃው አውርዱት፤ ነገር ግን ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ ያዙት፤ የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ክሩን ነቅነቅ አድርጉት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ብሩ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር ስታካፍሉት የብረቱን እፍጋት ታገኛላችሁ።

ንጹሕ ብር 10.49 ነው፤ መዳብ 8.96 ነው፤ 833 ጥራት ያለው ብርና መዳብ ሲቀላቀሉ 10.2 አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ 28 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ጠገራ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ማሳየት አለበት። የአያቴን ብር ስሞክረው ልክ 2.75 አሳየኝ። የእኔ የምኒልክ ብር 3.28 አሳየ። 27.90ን ለ3.28 ስታካፍሉት 8.5 ይመጣል፤ ይህም የናስ እፍጋት ነው። በላዩ ላይ ስስ የብር ቅብ ነበረው እንጂ ውስጡ ናስ ነበር። ታዲያ ክብደቱ እንዴት ትክክል ሆነ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ናስ ከብር ስለሚቀል፣ በእውነተኛው መጠን ቢሠራው ኖሮ ወደ 23 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ ስለዚህ ሠሪው ብሩን አወፈረው። ካሊፐር ይዤ ውፍረቱን ብለካ ኖሮ ነጋዴው ፊት እንደቆምኩ ይገለጥልኝ ነበር፤ ሚዛን ይዤ ካሊፐር መርሳቴ ዋጋ አስከፍሎኛል። ፎርጅድ ሠሪ ገዢው እንደሚመዝን ያውቃልና ለሚዛኑ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ክብደትንም ውፍረትንም ስፋትንም በአንድ ላይ ማሟላት ግን ይከብደዋል።

ይከብደዋል አልኩ እንጂ አይችልም አላልኩም። ይህን አምስተኛውን ብር ተመልከቱት። ይህ ማርትሬዛ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ብር አንጥረኛ ለማስተማሪያ ይሁንህ ብለው የሰጡኝ ነው። የእርሳስ እፍጋት 11.34 ነው፤ የቆርቆሮ 7.3 ነው። አራት እጅ እርሳስና አንድ እጅ ቆርቆሮ አብራችሁ ብታቀልጡ 10.2 የሚጠጋ እፍጋት ይወጣል፤ ያም የጠገራ ብር እፍጋት ነው። የዚህ ብር ክብደቱም ውፍረቱም የውኃ ፈተናውም ትክክል ናቸው። ሽማግሌው ግን ሚዛን አላወጡም ነበር። ብሩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አስቀምጠው በሌላ ብር ጠርዝ ኳ አደረጉት፤ ዱብ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ እውነተኛውን መቱት፤ እንደ ጸናጽል አቃጭሎ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። “ይኸ ዝም ብሎ ይሞታል፤ ያ እየዘመረ ይሄዳል” አሉኝ። ብር የሚያቃጭለው ጠንካራና ለመንቀጥቀጥ ምቹ ስለሆነ ነው፤ እርሳስ ግን ለስላሳ በመሆኑ ንዝረቱን ውጦ ያስቀረዋል። ይህን ድምፅ በቁጥር የሚለኩ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ፤ የሠለጠነ ጆሮ ግን አያንስም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአገራችን ብዙ ጠገራ በአንገት ሲንጠለጠል ስለኖረ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ ወይም ተበስቶ ኋላ ተደፍኗል። ብየዳ ወይም ስንጥቅ ያለበት እውነተኛ ብርም ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ በድምፅ ብቻ ጥላችሁት እንዳትሄዱ። ይልቅ ከላይ በኩል ጠርዙን መርምሩ፤ የተነቀለ ማንጠልጠያ ትንሽ የተላገ ጠፍ ቦታና የተለየ ቀለም ያለው የብየዳ ቅሪት ይተዋል። ይህ ብሩን ፎርጅድ አያደርገውም፤ የሰብሳቢ ዋጋውን ግን ይቀንሰዋል፤ ሻጩም ሊነግራችሁ ይገባል።

ቀልጦ የፈሰሰንና በማተሚያ የተመታን ብር ለመለየት ማጉያ መነጽር ይበቃል። አሥር ጊዜ የሚያጎላ ካላችሁ ጥሩ ነው። በማተሚያ ሲመታ ብረቱ በግፊት ከመሃል ወደ ዳር ስለሚሸሽ፣ ብዙ ባልተዘዋወረ ብር ላይ ከመብራት ሥር ስታዞሩት እንደ መንኮራኩር የሚዞር ጮራ ይታያል። የፈሰሰው ላይ ግን ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻካራ ይሆናል፤ በፊደላቱ ሥር የአየር አረፋ ጉድጓዶች ይገኛሉ፤ ፊደላቱ ወደ መሬት የሚወርዱበት ማዕዘን ስለታም ሳይሆን ክብ ነው። ፎርጅድ ሠሪዎች ግን የፈሰሰ ብቻ አይሠሩም፤ ከእውነተኛ ብር ቅርጽ አንሥተው ማተሚያ ያበጃሉ። እነዚህን የሚያጋልጣቸው የእናትየው ብር ጠባሳ ነው። በእናትየው ጉንጭ ላይ አንድ ጭረት ካለ፣ በልጆቹም ሁሉ ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሻጭ አምስት የምኒልክ ብር ካቀረበላችሁ ጎን ለጎን ደርድሯቸውና አንድ ዓይነት ጭረት ፈልጉ። ሁለት ብሮች በገበያ ለመቶ ዓመት ተዘዋውረው በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ጠባሳ አያወጡም።

ስለ ጥቁረት ጥቂት ልበል። ሰው “አሮጌ ስለሆነ ጠቁሯል” ይላል። ብር የሚጠቁረው በድኝ ስለሆነ፣ የተቀቀለ እንቁላል ያለበት ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ በአጭር ጊዜ ይጠቁራል። በዘመን የመጣ ጥቁረት በጎድጓዳው ቦታ ይከማችና ጎላ ባለው በጉንጩ፣ በአፍንጫው፣ በንስሩ ደረት ላይ በእጅ መነካካት ተጠርጎ ይነጣል። በሰው ሠራሽ ዘዴ የጠቆረው ግን ጎላ ያለውንም ጎድጓዳውንም እኩል ያለብሰዋል። ሌላው ቢቀር እባካችሁ የጠቆረ ብር በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉ። ለጌጥ ከሆነ የወደዳችሁትን አድርጉ፤ ለስብስብ ከሆነ ግን ማስረጃውን ነው የምታጥቡት።

ማግኔት የሚጠቅመው ለሰነፍ ፎርጅድ ብቻ ነው። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ናስም መዳብም እርሳስም አይሳቡም፤ ስለዚህ ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት ውስጡ ያለበትን ብቻ ነው። ብሩን አዘንብላችሁ ኃይለኛ ማግኔት ብታንሸራትቱበት፣ ብር ኤሌክትሪክን ከሁሉ ብረታት የበለጠ ስለሚያስተላልፍ ማግኔቱ እየተጎተተ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መዳብም ግን ከብር ብዙ ስለማያንስ በብር የተቀባ መዳብ በዚህ ፈተና ያልፋል። በረዶ አስቀምጦ ማቅለጡን ማየትም እንደዚያው ነው። አሲድን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው፤ ጠብታው ለዘላለም ምልክት ትቶ ስለሚሄድ ለጌጥ ብር እንጂ ለስብስብ ብር አይሆንም።

በትልልቅ ከተሞች በወርቅ ቤቶችና በቤተ ሙከራዎች በኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ የሚሠራ መመርመሪያ አለ። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የብረቱን ዓይነትና መጠን ያሳያል፤ ብሩንም አይጎዳውም። ብዙ ሰው የመጨረሻ ዳኛ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ጨረሩ ዘልቆ የሚያየው ከገጹ ጥቂት የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወፈር ያለ የብር ቅብ ያለበትን ፎርጅድ ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ ያንን ማሽን ያገኘ ሰው ውኃና ክሩን አይጣል፤ ማሽኑ ገጹን ይነግረዋል፣ ውኃው ሆዱን ይነግረዋል።

ዛሬ ብዙዎቻችን፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን፣ የምኒልክ ብርንና ማርትሬዛን የሚገዙት በፎቶ እያዩ ነው። ይህ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፣ ሻጩ የጠርዙን ፎቶ፣ የብሩን ክብደት በሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ ውፍረቱንም በካሊፐር እንዲያሳይ ጠይቁ። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1973 ወዲህ ያለው ሕግ የሳንቲም ቅጂ የሚሠራ ሁሉ “ኮፒ” የሚል ቃል እንዲመታበት ያዛል፤ ስለዚህ በብሩ ገጽ ላይ አንድ ቦታ ብቻ የተላገና የለሰለሰ ጠፍ ካያችሁ ያ ቃል የተፋቀበት መሆኑን ጠርጥሩ። በፕላስቲክ ሽፋን ታሽጎ የደረጃ ቁጥር የተሰጠው ብር ደግሞ ቁጥሩን በደረጃ ሰጪው መዝገብ ላይ ካላመሳከራችሁ ሽፋኑም ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑን ራሱን አስመስለው የሚሠሩ አሉና።

አሁን ፍርድ ወዳልሰጠሁበት ወደ ስድስተኛው ብር እንምጣ። ይህ ማርትሬዛ ነው፤ ከንግሥቲቱ ምስል አጠገብ “ሒጃዝ” የሚል በዓረብኛ ፊደል የተመታ ትንሽ ማኅተም አለበት። እንዲህ ያለ ማኅተም በዓረብ አገር ይዘዋወሩ በነበሩ ጠገራዎች ላይ ይገኛል፤ ተፈላጊነቱም ከተራው ማርትሬዛ ብዙ እጥፍ ዋጋ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ክብደቱ 28.01 ግራም፤ ውኃ ውስጥ 2.75፤ ጠርዙ ስለታምና ሙሉ፤ ድምፁ እየዘመረ ይሄዳል። ብሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ማኅተሙን በማጉያ መነጽር ስታዩት፣ በፊደላቱ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጥቁረት ከአካባቢው ይልቅ ይነጣል፤ ማኅተሙ የመታው ቦታ በጀርባው በኩል የተወውም ጠፍ ከሌላው ገጽ ይልቅ አዲስ ይመስላል። ማኅተም ለመምታት ደግሞ ትንሽ ብረትና መዶሻ ብቻ ይበቃል፤ በዚህ ምክንያት በገበያ ካሉት የሒጃዝና የነጅድ (ሁለቱም የዓረብ ግዛቶች ናቸው) ማኅተሞች ብዙዎቹን ጠበብቱ በጥርጣሬ ያያሉ። ይህን ማኅተም በዚያ ዘመን ያለ ሹም ይምታው ወይስ ከሃያ ዓመት በፊት ያለ ነጋዴ፣ ሚዛንም ውኃም ኤክስ ሬይም አይነግሩኝም፤ ሁለቱም የመቱት በአንድ ዓይነት እውነተኛ ብር ላይ ነውና። ሻጩ ለማኅተሙ ዋጋ ጠይቆኝ ነበር። እኔ የከፈልኩት የተራ ማርትሬዛ ዋጋ ነው፤ በመዝገቤም ላይ “ማርትሬዛ፣ ማኅተሙ ያልተረጋገጠ” ብዬ ጽፌዋለሁ። ማጉያ መነጽሩ እዚህ አለ፤ የዓረብኛ ፊደል የሚያውቅ ሰው ካለ ቀርቦ ቢያየው ደስ ይለኛል።